«ከቅርብ ወደ ሩቅ» በካኮ፦ የአካባቢ ሳይንስ ትምህርት ውጥን ሲመዘን

መግቢያ

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስንና የኅብረተሰብ ትምህርትን ለየብቻ ማስተማር ይሻላል ወይስ አጣምሮ ማቅረብ የሚለው ጥያቄ በአገራችን የትምህርት ሥርዓት ውስጥ ሲነሣ የኖረ ነው። በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በሥራ ላይ ሲውል ሁለቱ ዘርፎች ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል «የአካባቢ ሳይንስ» በሚል ስያሜ ተጠቃለሉ፤ ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ግን ተፈጥሮን የሚመለከተው በሳይንስ፣ የሰውን ኑሮ የሚመለከተው በኅብረተሰብ ትምህርት ሥር ተለያዩ። በ2013 ዓ.ም. የተዘጋጀው የአጠቃላይ ትምህርት የሥርዓተ ትምህርት ማዕቀፍ ጥምረቱን እስከ 6ኛ ክፍል አራዝሞታል። እርምጃው የሚደገፍ ነው። ሕፃን ልጅ ላሟን ከገበያው፣ ዝናቡን ከረኀቡ ለይቶ አያያትምና።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአንድን መጽሐፍ ገጽ እየገለጡ ስሕተት መልቀም አይደለም። የሚመረምረው የትምህርቱን ውጥን ነው። ይኸውም «ከቅርብ ወደ ሩቅ፣ ከሚታወቀው ወደማይታወቀው» የሚለው መሠረታዊ መርሕ ምን ያህል በሥራ ተተርጉሟል የሚለው ነው። ለመመዘኛ የተወሰደችው በደቡብ ኦሞ፣ በበና ጸማይ ወረዳ፣ በቀይ አፈርና በጂንካ መካከል የምትገኘው ካኮ ናት። ካኮ የተመረጠችው ከሌሎች የገጠር ከተሞች የተለየ ችግር ስላለባት አይደለም፤ በመጽሐፉ ዓለምና በተማሪው ዓለም መካከል ያለው ርቀት ሰፊ በሆነበት ስፍራ የውጥኑ ጥንካሬም ሆነ ድካም ጐልቶ ስለሚታይ ነው።

1. የመርሑ አመጣጥና ሁለቱ ትርጓሜዎቹ

ልጅ ከስም በፊት ነገሩን በስሜት ሕዋሳቱ ሊያውቀው ይገባል የሚለው አስተሳሰብ በዘመናዊው የትምህርት ታሪክ ውስጥ ከስዊዘርላንዱ መምህር ከዮሐን ሃይንሪክ ፔስታሎዚ (1746–1827 እ.ኤ.አ.) ጋር ተያይዞ ይነሣል። በጀርመን አገር ትምህርት ቤቶች የትውልድ ቀዬን ማጥናት ራሱን የቻለ ትምህርት እስከ መሆን የደረሰው ከዚሁ አስተሳሰብ በመነሣት ነው። በአፍሪካ ደግሞ ጁልየስ ኔሬሬ እ.ኤ.አ. በ1967 «ትምህርት ራስን ለመቻል» በሚለው ጽሑፋቸው የገጠሩን ልጅ ከገጠሩ የሚነቅል ትምህርት ለአዲሶቹ ነፃ አገሮች እንደማይበጅ አስገነዘቡ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1968 እ.ኤ.አ.፣ በሞምባሳ ከተማ በተካሄደው የኅብረተሰብ ትምህርት ጉባኤ ላይ ኢትዮጵያን ጨምሮ በርካታ የአፍሪካ አገሮች ተገኝተው ታሪክን፣ ጂኦግራፊንና የዜግነትን ትምህርት አጣምሮ ከልጁ አካባቢ ተነሥቶ ማስተማር ተገቢ ስለ መሆኑ መክረዋል። ስለዚህ መርሑ በእኛ ዘንድ እንግዳ አይደለም።

ይሁን እንጂ «ቅርብ» የሚለው ቃል በሁለት መንገድ ሊተረጐም ይችላል። አንደኛው የአስተዳደር ቅርበት ነው፤ ቤተሰብ፣ ቀበሌ፣ ወረዳ፣ ዞን፣ ክልል፣ አገር እያለ እንደ ውኃ ክበብ እየሰፋ ይሄዳል። ሁለተኛው የልምድ ቅርበት ነው፤ ልጁ በእጁ የዳሰሰውን፣ በዓይኑ ያየውን፣ በቤቱ የተነገረውን መነሻ ያደርጋል። ሁለቱ ትርጓሜዎች አንዳንድ ጊዜ ይገጣጠማሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን ይለያያሉ። የአካባቢ ሳይንስ ውጥን ዋና ድካም፣ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ ሁለተኛውን እየተናገረ በአንደኛው መሄዱ ነው። ከዚህ በታች የሚቀርቡት ምሳሌዎች ይህን ለማስረዳት የታሰቡ ናቸው።

2. ክረምትና በልግ

ስለ ወቅቶች የሚሰጠው ትምህርት ከክረምት፣ ከመጸው፣ ከበጋና ከጸደይ ይነሣል። ክፍፍሉ በአገራችን ረጅም ታሪክ ያለውና ለሰሜኑና ለመካከለኛው ደጋ ኑሮ የሚስማማ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ፣ ከዚያ አበባ፣ ከዚያ መኸር፣ ከዚያ ድርቅ ይከተላል። የካኮ ልጅ ግን የሚያውቀው ሌላ ሥርዓት ነው። በደቡብ ኦሞ ዋናው ዝናብ የሚጥለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ ሁለተኛውና አነስተኛው በመስከረምና በኅዳር መካከል ይመጣል። መጽሐፉ የዝናብ ወራት የሚላቸው ሐምሌና ነሐሴ በዚያ ቆላ ዝናቡ የሚቀንስባቸው ናቸው።

ልጁ በክፍል ውስጥ «የዝናብ ወቅት መቼ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ያየውን ቢመልስ ይሳሳታል፤ ያላየውን ቢመልስ ሙሉ ውጤት ያገኛል። እንዲህ ያለው ጥያቄ ሳይንስን የሚያስተምር አይደለም። ልጁ ከዓይኑ ይልቅ መጽሐፉን እንዲያምን የሚያለማምድ ነው፤ የሳይንስ ጠባይ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው።

መፍትሔው ክረምትን ከመጽሐፉ ፍቆ በልግን መተካት አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ራሱ ከፍተኛ ትምህርት ነው። የዝናቡ መቀነት ፀሐይን ተከትሎ በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ሰሜን ይወጣል፣ አንድ ጊዜ ወደ ደቡብ ይወርዳል። በወጣና በወረደ ቁጥር በደቡቡ ቆላ ላይ ስለሚያልፍ እዚያ ዝናቡ ሁለት ጊዜ ይሆናል፤ በሰሜኑ ደጋ ላይ ሲደርስ ግን እዚያው ከርሞ ስለሚመለስ ክረምቱ ረጅምና አንድ ወጥ ይሆናል። ይህን የተረዳ ተማሪ የጎንደርን ክረምትና የካኮን በልግ በአንድ ምክንያት ያስረዳል።

ጉዳዩ የዕውቀት ብቻ አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ በተከታታይ የዝናብ ወቅቶች የደረሰው እጥረት የደቡቡንና የደቡብ ምሥራቁን ቆላ አርብቶ አደሮች ከብት አልባ ሲያደርግ ያጐደለው የመጋቢትና የመስከረም ዝናብ ነው። የበልግን መዘግየት መዝግቦ መከታተልን ያልተማረ ትውልድ ለመጪው ድርቅ የሚዘጋጅበት መሣሪያ የለውም።

3. ጥላ የሌለበት ቀትር

ብዙ መምህራን ሳይንስን በሙከራ ለማስተማር ቤተ ሙከራና መሣሪያ እንደሚያንሣቸው ይናገራሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ለአንደኛ ደረጃ ከሁሉ የበለጠው መሣሪያ ቀጥ ብሎ የተተከለ እንጨት ሊሆን ይችላል።

ካኮ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ5 ዲግሪ ተኩል ጥቂት አለፍ ብላ ትገኛለች። ስለሆነም ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናቷ ላይ ታልፋለች፤ አንድ ጊዜ በመጋቢት መጨረሻ፣ አንድ ጊዜ በጳጉሜን ሰሞን። በእነዚህ ቀናት በቀትር ሰዓት እንጨቱ ጥላ አይኖረውም ለማለት ይቻላል። በመካከላቸው ባሉት ወራት የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በቀሩት ወራት ወደ ሰሜን። ከዚህም ሌላ በካኮ ጥላው አጭር የሚሆነው ሰዓቱ ልክ ስድስት ሲል አይደለም፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የምንጠቀምበት ሰዓት ከካኮ በስተምሥራቅ ርቆ በሚገኝ መስመር ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ነው።

አንድ ክፍል በዓመቱ ውስጥ በየሳምንቱ አንድ ቀን የጥላውን ርዝመትና አቅጣጫ ቢመዘግብ፣ ከጐኑም ዝናብ የጣለባቸውን ቀናት ቢጽፍ፣ ፀሐይ በአናት በምታልፍባቸው ሰሞናትና ዝናቡ በሚመጣባቸው ሰሞናት መካከል ያለውን ዝምድና ራሱ ያገኘዋል። የተፈጥሮ ሳይንስ፣ ጂኦግራፊና ሒሳብ በአንድ እንጨት ዙሪያ ይገናኛሉ። ይህ ሙከራ በጂንካም፣ በዲመካም፣ በቱርሚም ይሠራል፤ በባሕር ዳር ሲሠራ ግን ቀኑ ይለወጣል። ለውጡን በደብዳቤ የሚለዋወጡ ሁለት ትምህርት ቤቶች የመሬትን ክብነት ማስረጃ በእጃቸው ይዘዋል ማለት ነው።

4. ክልሉ ሲለወጥ ወንዙ ይቀራል

በኅብረተሰብ ትምህርት በኩል የክበቡ ዘዴ ያስከተለው ችግር ይበልጥ ግልጽ ነው። «ክልላችን» በሚል ርዕስ የሚሰጠው ትምህርት በአስተዳደር ወሰን ላይ የታነጸ ነው። የካኮ ምድር ግን በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ወሰኗ ብዙ ጊዜ ተለውጧል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት፣ በገለብና ሐመር ባኮ አውራጃ ሥር ነበረች። በ1980 ዓ.ም. መጀመሪያ በተደረገው ክፍፍል ደቡብ ኦሞ ራሱን የቻለ አስተዳደር አካባቢ ሆነ። ከዚያም በደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ውስጥ ዞን ሆኖ ቆየ፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ወደ አዲሱ ክልል ገባ። የወሰኑን ካርታ በቃሉ ያጠና ልጅ በአንድ ነሐሴ የተማረው ሁሉ አረጀበት።

አስተዳደርን ማስተማር አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ ዜጋ መብቱንና ግዴታውን የሚያገኘው በአስተዳደር በኩል ነው። የማይለወጠው መሠረት ግን ሌላ መሆን ይኖርበታል፤ እርሱም የውኃው መንገድ ነው። የበና ምድር በሁለት ተፋሰሶች መካከል ይገኛል። በምሥራቅ በኩል ወይጦ ወደ ጨው ባሕር ይወርዳል። በምዕራብ በኩል በጂንካ የሚያልፈው ነሪና ማጎ ተቀላቅለው ወደ ኦሞ፣ ኦሞም ወደ ቱርካና ሐይቅ ይሄዳል። ሁለቱም ወደ ውቅያኖስ አይደርሱም። ተማሪው ይህን ከተረዳ ጨው ባሕር ስለምን ጨዋማ ሆነ፣ ቱርካና ስለምን ይሰፋል ይጠባል የሚሉትን ጥያቄዎች ለመመለስ መነሻ አለው።

ኦሞ ደግሞ የአገር አንድነትን ያለ ስብከት የሚያስተምር ወንዝ ነው። በታችኛው ሸለቆ የሚኖሩት ዳሰነች፣ ኛንጋቶም፣ ካራ፣ ሙርሲና ቦዲ ለብዙ ትውልድ ወንዙ ሞልቶ ሲሸሽ በሚተወው ደለል ላይ ማሽላና በቆሎ ሲዘሩ ኖረዋል። የወንዙ ሙላት የሚመጣው በነሐሴና በመስከረም፣ እነርሱ ዘንድ ዝናብ በሌለበት ሰሞን ነበር፤ ያ ውኃ የሰሜኑ ደጋ ክረምት ነው። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. በዳሰነች ከ360 በላይ ሰዎችን የፈጀው ጎርፍም ከላይ የመጣ ነው። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የግልገል ጊቤ ሦስተኛ ግድብ 243 ሜትር ከፍታና 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ሲሆን፣ ውኃውን መያዝ ከጀመረ ወዲህ የዱሮው ዓመታዊ ሙላት እንደ ነበረ አልሆነም። በግድቡ የሚበራው መብራት፣ በኦሞ ኩራዝ የሚለማው ሸንኮራ፣ በታች የቀረው የደለል እርሻ በአንድ የወንዝ መስመር ላይ ያሉ ናቸው። የ6ኛ ክፍል ተማሪ ጥቅሙንም ጉዳቱንም በአንድ ገጽ ላይ ጽፎ እንዲያመዛዝን ቢደረግ የኅብረተሰብ ትምህርት ዓላማ ያኔ ይሟላል።

5. የሰኞ ገበያ እንደ መማሪያ

የካኮ ገበያ ሰኞ ሰኞ ይቆማል። ቀይ አፈር ኀሙስ፣ አልዱባ ማክሰኞ፣ ጂንካ ቅዳሜ ነው። የገበያ ቀናቱን ተራ ብቻ በካርታ ላይ ማስፈር ስለ አካባቢው ምጣኔ ሀብት ብዙ ይናገራል። የደጋው አሪ የሚያመርተውና የቆላው በና የሚያመርተው አንድ አይደለም፤ እንሰትና ቡና በከፍታው፣ ፍየል፣ ማርና ማሽላ በዝቅታው ይገኛሉ። ሰው የሚገበያየው ምድሩ ስለሚለያይ ነው፤ ምድሩ የሚለያየው ከፍታው ስለሚለያይ ነው። ተማሪው ዕቃውን ከየት እንደ መጣ እየጠየቀ ቢመዘግብ የአየር ጠባይ ክልሎችን በቃል ማጥናት አያስፈልገውም።

ከዚህ አንጻር የብሔረሰቦች ትምህርት አቀራረብ ሊተች ይገባዋል። ደቡብ ኦሞ የ16 ብሔረሰቦች አገር መሆኑ ይነገራል፤ ከዚያ የስም ዝርዝር፣ ቀጥሎም ጌጥ፣ ጭፈራና የከብት ዝላይ ይከተላል። ይህ ጐብኚ በካሜራው የሚያየው ነው። ልጁ የሚያውቀው ግን ሌላ ነው። በሐመርና በበና ዘንድ «ቤል» የሚባለው የወዳጅነት ውል ሩቅ ለሩቅ የሚኖሩ ሰዎችን በከብትና በስጦታ ልውውጥ ያስተሳስራል፤ አንዱ ቀዬ ሲጐዳ ሌላው መጠጊያ ይሆናል። ይህ የኢንሹራንስ ሥራ ነው። «ቢታ» የሚባለው የሥርዓት መሪ ሥልጣን ከመንግሥት ሹም ሥልጣን በምን ይለያል የሚለውም የሥነ መንግሥት ጥያቄ ነው። ተቋምን ትቶ ጌጥን ማስተማር ሕዝቡን ከነማሰቢያው ሳይሆን ከነልብሱ ብቻ ማሳየት ነው። በጎንደርና በሐረር የሚማረው ልጅም ስለ ደቡብ ኦሞ የሚያውቀው ፎቶግራፉን ብቻ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው።

6. የአካባቢው ዕውቀት በሳይንስ ሚዛን

አካባቢን መነሻ ማድረግ ያለውን ሁሉ ማሞገስ ተደርጐ እንዳይወሰድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአገር ሽማግሌ የሚያውቀው ሁሉ ሳይንስ አይደለም፤ ሁሉም ተረት ነው ማለትም ስሕተት ነው። መመዘኛው መፈተን ነው።

ሁለት ምሳሌዎችን እንውሰድ። ሙርሲዎች ወራትን በጨረቃ ይቆጥራሉ፤ ጨረቃ ከዓመቱ ጋር ስለማትገጥም ቆጠራቸውን ከደቡብ መስቀል ኮከቦችና ከጐረቤቶቻቸው መጥለቅ ጋር እያስተያዩ ያርማሉ። ዴቪድ ተርተንና ክላይቭ ራግልስ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት ሰዎቹ «አሁን ስንተኛው ወር ነው?» በሚለው ላይ በግልጽ ይከራከራሉ፤ ክርክራቸውም በኋላ በታየው ነገር ይፈታል። ምልከታ፣ ክርክር፣ እርማት የሳይንስ ጐዳና ነው። ጃፓናዊው ካትሱዮሺ ፉኩይ በቦዲዎች ዘንድ ያጠኑት ደግሞ የከብት ቀለም አሰያየም ነው። ቦዲዎች የከብትን ቀለምና ጥለት እጅግ በረቀቀ ሁኔታ ከመለየታቸውም በላይ ከየትኛው ኮርማና ላም ምን ዓይነት ጥጃ እንደሚወለድ ይገምታሉ። ስለ ዘር ውርስ የሚያስተምር መምህር ስለ አተር አበባ ከመናገሩ በፊት የከብት በረቱን ቢጠይቅ ተማሪዎቹ ከእርሱ ይቀድማሉ።

በአንጻሩ ደግሞ ልምድ ብቻውን የማይበቃባቸው ጉዳዮች አሉ። በማጎ ቆላ ከብትን የሚፈጀውን ገንዲ አርቢው በምልክቱ ያውቀዋል፤ በቆላ ዝንብ የሚተላለፈውን ጥቃቅን ተሕዋስ ግን ያለ አጉሊ መነጽር ሊያየው አይችልም። ወባም እንዲሁ። «ሚንጊ» ተብለው የተፈረጁ ሕፃናት የሚጠፉበት ልማድ ደግሞ ድርቅና በሽታ ከሕፃኑ ጥርስ አበቃቀል ጋር ይያያዛሉ በሚል እምነት የቆመ ነው። የካራ ሽማግሌዎች በ2004 ዓ.ም. ልማዱን መተዋቸውን በይፋ ማስታወቃቸው ኅብረተሰብ ራሱን ሊያርም እንደሚችል ያሳያል። ሁለት ነገሮች ተከታትለው መድረሳቸው አንዱ የሌላው ምክንያት ለመሆኑ ማስረጃ እንደማይሆን ማስተማር የሳይንስ ክፍል ሥራ ነው። ልጁ የዝናብ መዝገብ ከያዘ፣ ድርቁ ከጥርስ ጋር እንዳልመጣ ራሱ ያነበዋል። እዚህ ላይ የሳይንስ ትምህርት የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

7. መምህሩ፣ ቋንቋውና ፈተናው

ውጥኑን በተግባር የሚያውለው መምህሩ ነው። ብዙውን ጊዜ መምህሩ ከሌላ አካባቢ ይመጣል፤ የተማሪዎቹን ቋንቋ አያውቅም፤ አካባቢውንም የሚያውቀው ከእነርሱ ባነሰ መጠን ነው። በዚህ ላይ መጽሐፉ የተጻፈው ለመላው ክልል ነው። እንግዲህ «አካባቢህን አስተምር» የተባለው ሰው አካባቢውን የሚያስተምረው የለውም። ጥፋቱ የእርሱ አይደለም።

የቋንቋው ጉዳይ ከዚህ የተለየ አይደለም። የቀይ አፈር ስም ራሱ ምሳሌ ይሆናል። አማርኛ ለሚያውቅ ሰው ስሙ የአፈሩን መልክ ይነግረዋል፤ ከብረት ዝገት የሚመጣ ቅላት ነው ብሎ ለመጨመር አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። አማርኛን ገና እየተማረ ላለ የበና ልጅ ግን ስሙ ድምፅ ብቻ ነው። በእጁ የያዘውን አፈር በራሱ ቋንቋ እንዲጠራው ሳይፈቀድለት የመጽሐፉን ስም እንዲይዝ የሚገደድ ልጅ የሚማረው ቃል እንጂ ነገር አይደለም።

ሦስተኛው ፈተናው ነው። የሚፈተነው ስም፣ ቁጥርና ትርጉም ከሆነ መምህሩ እንጨት ተክሎ ጥላ የሚለካበት ምክንያት የለውም። ሥርዓተ ትምህርት ምንም ያህል ቢሻሻል ፈተናው ካልተከተለው ወረቀት ላይ ይቀራል።

መደምደሚያ

የመጽሐፍ አዘጋጆች ሥራ ቀላል አይደለም። ለብዙ ቋንቋዎችና ለብዙ የአየር ጠባዮች አንድ መጽሐፍ ማዘጋጀት የግድ ጠቅለል ማለትን ይጠይቃል። የካኮ ልጅም አክሱምንና ላሊበላን፣ ዓባይንና አዋሽን ማወቅ ይገባዋል፤ ስለ ራሱ ቀዬ ብቻ የሚማር ልጅ ከአገሩ ይጐድላል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ለካኮ የተለየ መጽሐፍ መጻፍ አይደለም። የጋራው መጽሐፍ ክፍት ገጾች እንዲኖሩት ማድረግ ነው፤ ዝናቡ የሚመዘገብበት፣ የውኃው መንገድ የሚሣልበት፣ የገበያው ዕቃ የሚዘረዘርበት ገጽ። እነዚህን ገጾች የሚሞሉት ተማሪዎቹ ናቸው። ገጾቹን የሚያርሙ መምህራን ደግሞ በአርባ ምንጭና በጂንካ ባሉት የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ድጋፍ ሊሠለጥኑ ይችላሉ። የክልሉ ፈተና ቢያንስ አንድ ጥያቄ «በአካባቢህ ያየኸውን ጻፍ፤ ምክንያቱን አስረዳ» የሚል ቢሆን መምህሩ ለጥላው መለኪያ ጊዜ ያገኛል።

በታችኛው ኦሞ በኪቢሽ እ.ኤ.አ. በ1967 የተገኘው የሰው ልጅ ቅሪተ አካል ቢያንስ 230,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ እንዳለው በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አመልክቷል። የታችኛው ኦሞ ሸለቆ ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። ዓለም ስለ ራሱ አመጣጥ ለማወቅ ወደዚህ ምድር መጥቷል። በዚሁ ምድር የሚማር ልጅ ዕውቀት ሁልጊዜ ከሌላ ስፍራ የምትመጣ ነገር መስላው እንድታድግ ማድረግ የሥርዓተ ትምህርት ጉድለት ነው። ጉድለቱም የሚታረመው መጽሐፉ የልጁን ምልከታ እንደ መልስ ተቀብሎ ምክንያቱን መጠየቅ ሲጀምር ነው።